በፎቶ የተገዛ ጊታር

ከዕንቁጣጣሹ ባዛር የተገኘው ገንዘብ ለሙዚቃ ክበቡ ጊታር መግዣ እንዲውል የወላጆች ኮሚቴ ሲወስን፣ ፊርማዬን ያኖርኩት በደስታ ነበር። ክበቡ እስከዚያ ድረስ የነበረው አንድ ክራር፣ ሁለት ከበሮና አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው። ልጆቹ “ጊታር፣ ጊታር” ማለት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ ናይሮቢ አዲስ ጊታር በየሱቁ አለ፤ ነገር ግን በነበረን ገንዘብ ከሱቅ የምናገኘው አንድ ደህና ጊታር ብቻ ነበር። ያገለገለ ጊታር ከእንግሊዝ በኢንተርኔት ብንገዛ ግን በዚያው ገንዘብ ሦስት እናገኛለን ተባለ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ሦስቱንም ገዛን።

ከሦስቱ መካከል ዓመቱን ሙሉ ያጫወተን አንዱ ብቻ ነው። አንዱ አንገቱ ተሰብሮ ደረሰ። ሌላው ሳይሰበር ደረሰ፤ ግን ከመነሻውም የተበላሸ ነበር። ጉዳቱ ፎቶው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ከእኛ መካከል ማንም ሊያነበው አልቻለም እንጂ። ገንዘቡ የወላጆች፣ ፊርማው ደግሞ የእኔ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ጥያቄው ሲነሳ ጊዜ ስላልነበረ በአጭሩ መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አራት ወላጆች ለልጆቻቸው በዚሁ መንገድ ጊታር ለመግዛት ማሰባቸውን ስለነገሩኝ፣ የሆነውንና ከዚያም የተማርነውን እዚህ በሰፊው ጽፌዋለሁ።

ብዙዎቻችን ጊታርን እንደ ወንበር ወይም እንደ ጠረጴዛ ያለ የእንጨት ዕቃ አድርገን እናየዋለን። ጊታር ግን ሁልጊዜ እንደተወጠረ የሚኖር ዕቃ ነው። የብረት ክር ያለው ጊታር ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች በአንድነት አንገቱንና ድልድዩን የሚስቡት 70 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ኃይል ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ሌትና ቀን ተንጠልጥሎበት ያድራል እንደማለት ነው። ክላሲክ የሚባለው፣ የናይለን ክር ያለው ጊታር ደግሞ የሚሸከመው 40 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊቱ ሳንቃ ቀጭን፣ ከውስጥ የሚደግፉት እንጨቶችም ቀለል ያሉ ሆነው ይሠራሉ።

ሳይሰበር የደረሰው ያ ጊታር ክላሲክ ነበር፤ የቀድሞ ባለቤቱ ግን የብረት ክር አስሮበታል። ያን ያህል ኃይል ለመሸከም ያልተሠራው ሳንቃ ከድልድዩ ኋላ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ድልድዩም ከሥሩ መነቀል ጀምሯል። የአንድ ደብተር ቅጠል ከድልድዩ ሥር ያለ ችግር ይገባል። ይህን መጀመሪያ ያየችው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ካርቶኑ ተከፍቶ ሁላችንም “እንዴት ያምራል!” ስንል እሷ ዝም ብላ ድልድዩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና “ጋሼ፣ ይሄ ክሩ የእሱ አይደለም” አለች። ያልሰማኋት መስዬ አለፍኩ። ለሦስት ቀን ያህልም ልክ አይደለችም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬአለሁ።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የክላሲክ ጊታር ራስ መሃሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፤ ክሮቹም ድልድዩ ላይ እንደ ገመድ ተቋጥረው ይታሰራሉ። የብረት ክር ጊታር ራስ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ ክሮቹም ድልድዩ ላይ በትናንሽ ችካሎች ይያዛሉ። ክፍተት ያለው ራስና የተቋጠረ ድልድይ ሆኖ ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች እንደ ብረት የሚያብለጨልጩ ከሆነ፣ ያ ጊታር የማይችለው ሸክም ተጭኖበታል ማለት ነው። (ወፍራሞቹ ሦስት ክሮች በክላሲክ ጊታርም ላይ ብረት የተጠመጠመባቸው ስለሆኑ በእነሱ አትታለሉ።)

ሻጭ የሚልከው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊት የተነሣ ነው። ጊታር ደግሞ ከፊት ለፊት ሲታይ ሁልጊዜ ያምራል። ጉዳቱ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ገዢ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያፍር፣ ሌሎች ፎቶዎች ይጠይቅ። መጀመሪያ የሚጠየቀው አንገትና ራስ የሚገናኙበት ቦታ ከጀርባው ነው፤ በዚያ ላይ ቀጭን መስመር ከታየ ወይም ቀለሙ ከሌላው የተለየ ከሆነ ተሰብሮ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ድልድዩ ከጎን፣ በብርሃን። ከዚያም አንገቱ ከራሱ ጫፍ ወደ አካሉ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ሲያዩት፣ ቀጥ ማለቱ የሚታወቅበት። በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች፣ ፍሬት የሚባሉት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ክሮቹ ጉድጓድ ቆፍረው ከሆነም በቅርብ ፎቶ ይታያል።

አንድ መለኪያ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ሻጩ ማስመሪያ አቁሞ 12ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለካ። ለብረት ክር ጊታር 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለናይለን ክር እስከ 4 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ለብረት ክር ጊታር 4 ወይም 5 ከሆነ አንገቱ ወደ ፊት አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። አንገትን ከአካሉ ነቅሎ እንደገና ማጋጠም ደግሞ ርካሽ ጊታር ከሚገዛበት ዋጋ በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለው ጊታር ለጀማሪ ልጅ ጣት ቅጣት ነው፤ ልጁ ክሩን ለመጫን ሲታገል ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ይተወዋል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ለሚፈልጉ ልጆች ወላጆች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰላም ሥዩም በሮሃ ባንድ ሲጫወት የሰማ ሰው ልጆቹ ለምን እንደሚመኙት ይገባዋል። ታዋቂ ስም የተጻፈባቸው ሐሰተኛ ጊታሮች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ጊብሰን ላይ፣ ከራሱ በታች በኩል የአንገቱን ማስተካከያ ብረት የምትሸፍነው የደወል ቅርጽ ያላት ክዳን በሁለት ብሎን ትያዛለች፤ ብዙዎቹ ሐሰተኞች ላይ ሦስት ብሎን አለ። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ግን በአንድ ፎቶ የሚታይ ነገር ስለሆነ ተመልከቱት።

አንገቱ ስለተሰበረው ጊታር ደግሞ ልንገራችሁ። ካርቶኑ ከውጭ ምንም አልሆነም፤ አንድ ጥግ እንኳ አልታጠፈም። ስንከፍተው ግን ራሱ ከአንገቱ ተለይቶ በክሮቹ ተንጠልጥሏል። ከመካከላችን ብዙዎቹ “አንድ ሰው ረግጦት ነው” አሉ። የጥገና ባለሙያው ግን ሳቀና ምክንያቱን አስረዳን። ሣጥኑ በጀርባው ሲወድቅ አካሉ ሣጥኑ ላይ አርፎ ይቆማል። ራሱ ግን ሥሩ ባዶ ስለሆነ ጉዞውን ይቀጥላል፤ የብረት መቃኛዎቹ ክብደት ወደ ታች ይነዱታል። በዚያ ላይ ክሮቹ እንደተወጠሩ ናቸው። የሰው አንገት በመኪና ግጭት የሚጎዳው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለና አንገቱም ከአንድ ማሆጋኒ እንጨት የተጠረበ ጊታር፣ ጊብሰን ለዚህ የታወቀ ነው፣ በዚህ ቦታ ላይ የእንጨቱ መስመር ስለሚቆረጥ በቀላሉ ይሰበራል። እንደ ፌንደር ያለው፣ ራሱ ከአንገቱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚሄድና አንገቱ በብሎን የሚታሰረው፣ ይህን ዓይነት ውድቀት በተሻለ ይችላል።

መድኃኒቱ ደግሞ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ከራሱ ሥርና ከላዩ፣ ከአንገቱም ሥር፣ ሣጥኑ ውስጥ ምንም ክፍተት እንዳይቀር ወረቀት ጠቅጥቆ መሙላት፤ ክሮቹን ሁለት ድምፅ ያህል ማላላት፤ ከዚያም ሣጥኑን በሌላ ካርቶን ውስጥ አድርጎ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ መሙላት። የእኛ ሻጭ ጊታሩን በጨርቅ ቦርሳ ብቻ ከትቶ ነው ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠው። ብንጠይቀው ኖሮ በአሥር ደቂቃ ሥራ ይድን ነበር። ሳይላክ በፊት “እንዴት እንዳሸግህው ፎቶ አንስተህ አሳየን” ማለት ነበረብን። አላልንም።

አሁን ደግሞ መጻፍ ወደሚከብደኝ ክፍል እመጣለሁ።

የማጓጓዣው ዋጋ ሲነገረን ደነገጥን። ሰባት ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ለምን እንደ ሃያ አራት ኪሎ ይቆጠራል ብለን ተከራከርን። ፈጣን የዕቃ አመላላሾች የሚያስከፍሉት በሚዛን ክብደት ወይም በስፋት፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። የካርቶኑ ቁመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ብዙውን ጊዜ ለ5,000 ይካፈላል። 120 በ50 በ20 የሆነ የጊታር ካርቶን 120,000 ይሆናል፤ ለ5,000 ሲካፈል 24 ኪሎ። (የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ይህን በክፍል ውስጥ ለመልመጃ ተጠቅመውበታል፤ ቢያንስ ይህን አተረፍን።) በዚህ ምክንያት 95 ፓውንድ ለገዛነው ጊታር 118 ፓውንድ ለማጓጓዣ ከፈልን። እዚህ ሲደርስ ደግሞ ቀረጥ አለ፣ የማስመጫ መግለጫ ክፍያ አለ፣ የባቡር ልማት ክፍያ አለ፤ በዚያ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረበት በኋላ ነው። “ርካሽ” ያልነው ጊታር ከሱቁ አዲስ ጊታር ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

ሻጩ ይህን ጭንቀታችንን አይቶ “ስጦታ ብዬ፣ ዋጋውንም 30 ፓውንድ ብዬ ልጻፈው፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል” አለን። ኮሚቴው ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ እንደ ይሁንታ ተቆጠረ፤ ደግሞም ይሁንታ ነበር። በፈተና የኮረጀ ተማሪ ወላጁን ይዞ እንዲመጣ የማደርግ ሰው፣ “ሁሉም እንዲህ ያደርጋል” የሚለውን ምክንያት ከተማሪ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼ ውድቅ አድርጌያለሁ። ያን ቀን ግን ተቀበልኩት።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ጉምሩክ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዋጋ እንዲቀበል አይገደድም፤ ስለተጠራጠረ በራሱ ግምት አስከፈለን፤ ተገቢም ነው። ጊታሩ ተሰብሮ ሲገኝና ካሣ ስንጠይቅ ግን ኢንሹራንሱ የሚያውቀው የተጻፈውን 30 ፓውንድ ብቻ ነው። ግብሩን በእውነተኛው ዋጋ ከፍለን፣ ካሣውን በሐሰተኛው ዋጋ ተቀበልን። ለማጉረምረም እንኳ አፍ አልነበረንም። በዚያ ላይ አመላላሾች በቂ ባልሆነ አስተሻሸግ ለደረሰ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፍሉም፤ እነዚያን 30 ፓውንዶች ለማግኘትም ከአንድ ወር በላይ ደብዳቤ ተጻጽፈናል። ስለዚህ ዕቃ ስትረከቡ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት በስድስቱም ጎን ፎቶ አንሡ፤ ሲከፈትም በቪዲዮ ይቀረጽ፤ ጉዳት ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ አስታውቁ።

ስለ አከፋፈል የምጽፈው በአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ፈቃድ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፤ ታሪኩን ግን “ይጻፉት” ብሎኛል። ኤሌክትሪክ ጊታር በስልኩ አይቶ፣ ዋጋው ከገበያው ሲሶ ያህል ነው፣ ከሻጩ ጋር በዋትስአፕ መነጋገር ጀመረ። ቀብድ ላከ። ቀጥሎ “የጭነት ድርጅቱ የሚመለስ ኢንሹራንስ ይፈልጋል” ተባለና ያንንም ላከ። ከዚያ “ጉምሩክ ይዞታል፣ ትንሽ ጨምር” ተባለ። ጊታሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ፎቶው ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። ገንዘቡ በዓመቱ በዓላት ከዘመዶቹ የተሰጠው ነበር። ልጁ ለሦስት ሳምንት ለማንም ሳይናገር ቆየ። ወላጅ እናቱ ወደ እኔ የመጡት ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ ልጁ ምግብ ስለተወ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች፦ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ በዚያው ቀን ለወላጅ ወይም ለመምህር ተናገሩ። አንዳንዴ ገንዘቡ ወጪ ሳይሆን ማስቆም ይቻላል፤ ከሳምንት በኋላ ግን አይቻልም። አታላዩ የሚተማመነው በእናንተ ዕፍረት ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍያ የሚጠይቀውም የመጀመሪያውን ለማንም እንዳልተናገራችሁ ስለሚገምት ነው። ለወላጆች ደግሞ፦ ልጁ ሲናገር መጀመሪያ መቆጣት የሚቀጥለውን ምስጢር መግዛት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ጊታሩን የዕለቱ ቀን በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁ። ጊታሩ በእጁ ላለ ሰው ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በኤም-ፔሳም ሆነ በሐዋላ ለማታውቁት ሰው የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፔይፓል ለገዢ ዋስትና ይሰጣል፤ ነገር ግን “ለወዳጅና ለቤተሰብ” በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ ዋስትናው አይመለከተውም። ሻጭ በዚያ መንገድ እንድትልኩ ከገፋፋችሁ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ።

በጣም አሮጌና ውድ ጊታር ለሚያስቡ፣ በእኛ መካከል ብዙ ባይሆኑም፣ አንድ ነገር ልጨምር። የእንጨቱ ዓይነት ራሱ ሕግ አለው። የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ክልከላ ውስጥ ነው፤ ከእሱ የተሠራ ጊታርም ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ሊሻገር አይችልም። ከአንዳንድ ጥንታዊ ጊታሮች ላይ ደግሞ ክሮቹ ራሱ አጠገብ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ የዝሆን ጥርስ ናት። የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ወይም የከብት አጥንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከከተማችን አጠገብ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 105 ቶን የዝሆን ጥርስ በተቃጠለበት አገር፣ “ትንሽ ቁራጭ ናት” የሚል መልስ የትም አያደርስም።

ያጫወተን ጊታር የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልነገርኳችሁም። እሱ በካርቶን አልመጣም። የአንዲት ኮሚቴ አባላችን ወንድም ለንደን ይኖራሉ፤ ሻጩ ቤት ድረስ ሄደው፣ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አስጫውተው፣ ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ እንደሚንጫጫ ስላገኙ ዋጋ አስቀንሰው ገዙት። ለገና ወደዚህ ሲመጡም ይዘውት መጡ። በአውሮፕላን መያዝ ራሱ አደጋ የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዴቭ ካሮል ጊታሩ በጉዞ ላይ ተሰብሮበት፣ በቀጣዩ ዓመት ስለዚያው ዘፈን ሠርቶ ሚሊዮኖች በዩቲዩብ አይተውለታል። የእኛ ሰው ግን አየር መንገዱን አስቀድመው ጠይቀው፣ ጊታሩን ከራሳቸው በላይ ባለው መደርደሪያ አስቀመጡት። ከአየር ማረፊያ እስከ ትምህርት ቤትም ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ አላስገቡትም፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ኮላውን ሊያላላው ይችላል። ጭናቸው ላይ አድርገው መጡ።

ሦስቱን ጊታሮች የለያቸው ዋጋቸውም ስማቸውም አልነበረም። አንዱን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሰው እጅ ይዞት ነበር፤ ሁለቱን አልያዛቸውም። ለንደን ወንድም የሌለው ሰውም መላ አለው። ከተማችን ውስጥ ከአገር የሚወጡ ሰዎች የሚሸጡት ያገለገለ ጊታር አለ፤ ሄዶ፣ ይዞ፣ አስጫውቶ መግዛት ይቻላል። ኮሚቴያችን ለሚቀጥለው ዓመት የወሰነው ይህንኑ ነው።

የተሰበረው አንገት በግንቦት ወር ተጠግኗል። ስብራቱ ረጅምና ንጹሕ ስለነበር ባለሙያው በእንጨት ኮላ አጣብቆ፣ በሞርሳ አስሮ አንድ ቀን ሙሉ አሳደረው። እኛ ችኩለን በሌላ ማጣበቂያ ነክተነው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ያንን መፋቅ እንደሚኖርበት ነግሮናል። መስመሩ ከጀርባው ይታያል። ድልድዩ የተነቀለው ክላሲክ ግን ገና ሙዚቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለ ክር ተሰቅሏል፤ ለክበቡ አዲስ የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው፤ የሚያስረዳቸውም ያቺው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጊታር ሊገዛ ያሰበ ወላጅ ሻጩ የላከለትን ፎቶዎች ይዞ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ ክበቡ ብቅ ይበል፤ አብረን እናያለን።